በእንግሊዝ አገር የቦይ ጀልባ ኑሮ

በእንግሊዝ አገር እምብርት፣ ከለንደን ወደ በርሚንግሃም በሚወስደው ምድር፣ በእርሻና በመንደር መካከል የሚያልፍ ጠባብና ጸጥ ያለ ውኃ አለ። የሚያየው ሰው ወንዝ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሰው እጅ የቈፈረው ቦይ ነው። በላዩም ቀጥ ብለው የረዘሙ የብረት ጀልባዎች በዳሩ ታስረው ቆመው፣ ወይም በእግረኛ ርምጃ ሲጓዙ ይታያሉ። ከጣራቸው የጢስ ማውጫ ብቅ ብሏል፤ በመስኮታቸው መጋረጃ ተጋርዷል፤ በጣራው ላይ የተፈለጠ እንጨት፣ የአበባ ማሰሮና ብስክሌት ተጭኗል። ጀልባ መባላቸው ስለሚንሳፈፉ ነው እንጂ፣ ሰው የሚያበስልባቸው፣ ታሞ የሚተኛባቸው፣ የሚሸመግልባቸውም ቤቶች ናቸው።

እኛም ባለፈው ጥቅምት በአንድ ወዳጃችን አማካይነት ከአንድ ሽማግሌና ከባለቤታቸው ጋራ በእንዲህ ያለው ቤት ዐሥር ቀን ያህል ተቀምጠን ነበር። ሁለቱም ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በየብስ የነበራቸውን ቤት ሸጠው ይህን ጀልባ ከገዙ ዐሥራ አንድ ዓመት ስለ ሆናቸው ሌላ የሚመለሱበት ቤት የላቸውም። የዚያ ወር ጉዟቸውም የሽርሽር አልነበረም። የጀልባው የመድን ውል የሚታደሰው የብረቱ ውፍረት በባለሙያ ተለክቶ ሲታይ ብቻ ስለ ሆነ፣ ስቶክ ብሩርን ከምትባለው መንደር ተነሥተው፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ብራውንስተን፣ ጀልባ ከውኃ ወጥቶ ወደሚታደስበት ስፍራ መድረስ ነበረባቸው። ብረቱ ሳስቶ ቢገኝ ምን እንደሚደረግ ጠየቅናቸው። ወይዘሮዋ «እርሱን ያን ጊዜ እናየዋለን» አሉን፤ ሽማግሌው ግን ዝም አሉ።

ወደ ጉዞው ከመግባታችን በፊት የቦዮቹን አመጣጥ በጥቂቱ መናገር ይገባል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1761 የብሪጅዎተር መስፍን ከማዕድን ስፍራው ወደ ማንችስተር የድንጋይ ከሰል የሚያደርስ ቦይ አስከፈተ፤ መሐንዲሱም ጀምስ ብሪንድሊ ይባል ነበር። በጭቃ መንገድ በጋማ ከብት ጀርባ ይመጣ የነበረው ከሰል በጀልባ መምጣት ሲጀምር ዋጋው እጅግ ረከሰ፤ በዳሩ የሚሄድ አንድ ፈረስ በገመድ ብቻ 25 ቶን ያህል የተጫነ ጀልባ ይስብ ነበርና። ብሪንድሊ ከዚያ በኋላ ለሠራቸው ቦዮች ጠባብ ልክ መረጠ፤ ወርዱ 2 ሜትር ከጥቂት ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱም 22 ሜትር ያህል ለሆነ ጀልባ ብቻ የሚበቃ ነው። መጥበቡ የቍፋሮውን ወጪ ይቀንሳል፤ ውኃውንም ይቈጥባል። እነሆ፣ ዛሬም አዲስ ጀልባ የሚያሠራ ሰው ከዚያ ወርድ ማለፍ ቢያምረው አገሩን ሁሉ ሊዞርበት አይችልም። ቤቱን የሚለካው ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው መሐንዲስ ነው።

ስቶክ ብሩርን የቦዩን ታሪክ የሚያሳይ ቤተ መዘክር አላት፤ የተከፈተውም በ1963 ነው። እዚያ ከሚታየው ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የጥንቱ ጀልባ የመኖሪያ ክፍል ነው። የባቡር ሐዲድ መጥቶ የጭነቱን ዋጋ ሲሰብረው ብዙ ጀልበኞች ረዳት መቅጠር ስላቃታቸው ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በጀልባው ላይ መኖር ጀመሩ። የቀረው ሁሉ ለጭነት ስለ ሆነ ለቤተ ሰቡ የሚተርፈው ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ያህል የሆነ ክፍል ብቻ ነበር። ምድጃው፣ ሲመሽ የሚዘረጋው አልጋ፣ ሲነጋ የሚታጠፈው ገበታ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። እናቲቱ መሪውን ይዛ ትነዳለች፤ ምግብ ታበስላለች፤ እዚያው ትወልዳለች። ይህን ሁሉ ጥበትና የከሰል ጥቀርሻ ታግሠው ደግሞ በሩንና ባልዲውን ሳይቀር በጽጌረዳ አበባና በግንብ ሥዕል ያስጌጡት ነበር። በ1877ና በ1884 የወጡት ሕጎች ጀልባዎቹ እንዲመዘገቡ፣ የሚያድርባቸው ሰው ቍጥር እንዲወሰን፣ ልጆቹም እንዲማሩ አዘዙ። ነገር ግን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚያድር ልጅ ፊደል መቍጠር ስለሚቸግረው ብዙዎቹ ሳያነቡ አደጉ።

በዚሁ መንደር በቦዩ ዳር ሜሪ ዋርድ የሚባሉ አስታማሚ ይኖሩ ነበር። ጀልበኞቹ «እኅት ሜሪ» ይሏቸዋል። ሐኪም ቤት ሄዶ ለመጠበቅ ጊዜ ያልነበራቸውን ሰዎች ጀልባቸው በቤታቸው አጠገብ ሲያልፍ ተቀብለው ቍስላቸውን ያጥቡ፣ ያረገዙትን ይጠይቁ፣ ሕፃናቱን ያክሙ ነበር። በ1951 የብሪታንያ ኢምፓየር ሜዳልያ ተሸለሙ፤ በ1972 ዐረፉ። በጭነት ይተዳደር የነበረው ሕዝብ ግን ከእርሳቸው አስቀድሞ ተበትኗል። በ1948 ቦዮቹ በአብዛኛው የመንግሥት ንብረት ሆኑ፤ በ1962 መጨረሻ የገባው ብርቱ ብርድ እስከ 1963 መጋቢት ድረስ ውኃውን አግግሮ ጀልባዎቹን በያሉበት ስላሰራቸው ጭነቱ ወደ መኪና ዞረ፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው አልተመለሰም። ዛሬ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ቦይና ወንዝ ከ2012 ጀምሮ የሚጠብቀው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው፤ በእርሱ ውኃ ላይ ያሉት ጀልባዎችም ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ፣ በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። አስተናጋጆቻችንም ከእነዚህ ወገን ስለ ሆኑ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ቤታቸውን ይዘው ይነሣሉ።

በየብስ የምንኖር ሰዎች ቧንቧውን ስንከፍት ውኃው ከየት እንደ መጣ፣ ስናፈስሰውም ወዴት እንደ ሄደ አናስብም። በጀልባ ላይ ግን ሁሉም ነገር ልክ አለው፤ ልኩንም የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእነዚህ ሰዎች የውኃ ማጠራቀሚያ 600 ሊትር ይይዛል። ሁለት ሰው በቍጠባ ቢጠቀምበት ሁለት ሳምንት ያህል ይዘልቃል፤ እኛ ሦስተኛ ስንጨመር ግን ወይዘሮዋ ቀኑን በጣታቸው ቈጥረው አሳጠሩት። ሳህን የታጠበበትን ሙቅ ውኃ ወዲያው አይደፉትም፤ የምድጃውን አመድ መጥረጊያ ጨርቅ ያጥቡበታል። የመጸዳጃ ቤቱ ዕቃ እንደ ሻንጣ ተስቦ የሚወጣ ሲሆን፣ በየሦስት ቀኑ ወደ ተወሰነለት ስፍራ ተወስዶ ይደፋል። ይህን ሥራ ሽማግሌው ለማንም አይሰጡም። የመብራቱ ኀይል ከጣራው ላይ ካሉት ሦስት የፀሐይ ሰሌዳዎችና ሞተሩ ሲሠራ ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ይመጣና በባትሪዎች ይጠራቀማል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሹ በታች እስኪወርድ ድረስ ደጋግመው ቢያደክሙት ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ማታ ማታ መለኪያውን ያዩና ብዙ ጊዜ በአንዲት አምፖል ብቻ ያመሻሉ። ረቡዕ ዕለት ጾማችንን ነግረናቸው ስለ ነበር ባቄላና ድንች ቀቅለው አቀረቡልን፤ እርሳቸውም ከእኛ ጋራ እርሱኑ በሉ።

ምግብ የሚበስለው በጋዝ ነው። ጋዙ ፕሮፔን የተባለው ነው፤ ሌላው ዓይነት፣ ቡታን የሚሉት፣ በብርቱ ብርድ ከሲሊንደሩ አልወጣ ይላልና። ጋዝ ከአየር የከበደ ስለ ሆነ፣ ቢያፈተልክ እንደ ውኃ ወደ ወለሉ ሥር ወርዶ ይተኛል፤ በአንዲት ብልጭታም ጀልባውን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹ ከመኖሪያው በተለየ፣ ከበታቹ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ በፊት በኩል ይቀመጣሉ። የጋዙና የኤሌክትሪኩ መሥመር፣ የምድጃውም ሁኔታ በየ4 ዓመቱ ተመርምሮ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ካልተሰጠው በቀር ጀልባው ፈቃድ አያገኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን ምድጃው ነው። በብርዱ ወራት ሌሊትና ቀን አይጠፋም። ማታ ከሰል ተጨምሮበት የአየር መግቢያው ጠበብ ይደረጋል፤ ጧት አመዱ ተጠርጎ ፍሙ ይቀሰቀሳል። የሰው ትንፋሽና የማብሰያው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካው ግድግዳው ያልበዋል፤ ልብሱ ይሻግታል። በዚህ ምክንያት፣ ብርዱም ስለሚያስጨንቅ፣ ሰው የአየር መግቢያዎቹን በጨርቅ ለመድፈን ይፈተናል። ሞት የሚገባውም በዚያ ጊዜ ነው። አየር ያነሰው እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ ያወጣል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ኦክስጅን በደም ውስጥ ሊይዘው የሚገባውን ስፍራ ይወስድበትና ሰውየውን በእንቅልፉ ይገድለዋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዛል ስለ ሆነ ብዙ ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል። ወይዘሮዋ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ቀን ራሳቸውን አሟቸው ኖሮ፣ በአራተኛው ቀን ሽማግሌው የጢስ ማውጫውን ቢፈትሹት በጥቀርሻ ተዘግቶ አገኙት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይጠርጉታል። መርዙን አሽትቶ የሚጮኸው መሣሪያ መኝታ ባላቸው ጀልባዎች ሁሉ እንዲኖር ከ2019 ጀምሮ የደኅንነቱ ምርመራ ያዝዛል፤ እነርሱ ግን ሁለት ሰቅለዋል፤ አንዱን በምድጃው ክፍል፣ አንዱን በአልጋው ራስጌ። በአገራችንም የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብተው፣ በሩን ዘግተው በተኙ ሰዎች ላይ የሚደርሰው ሞት ከዚሁ መርዝ የተነሣ እንጂ ሌላ ምክንያት ያለው ስላይደለ፣ እናቶች ይህን ነገር በቸልታ እንዳያልፉት እንለምናለን።

በሁለተኛው ቀን ጧት ተነሣን። ከመነሣታቸው በፊት ሽማግሌው በኋላ በኩል ያለውን መክደኛ አንሥተው ወደ ሞተሩ ወረዱ። የዘይቱን ልክ በዘንጉ አዩ፤ ማቀዝቀዣውን ውኃ አዩ፤ ቺንጋውን በጣታቸው ተጭነው ፈተኑ። ቀጥሎም ፕሮፔለሩ ባለበት ላይ ያለውን የብረት መስኮት ከፍተው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ሰደዱና የተጠመጠመ ላስቲክና አረም አወጡ። ሞተሩ መጥፋቱን፣ ቍልፉም በኪሳቸው መሆኑን ሁለት ጊዜ ካላረጋገጡ እጃቸውን አይከቱም። ሲዘጉትም መቆለፊያውን አጥብቀው ደግመው ነቀነቁት፤ ይህ መስኮት ሳይጠብቅ ቀርቶ ሞተሩ ቢነሣ ፕሮፔለሩ ውኃውን ወደ ውስጥ ይረጨዋልና፣ በዚህ ምክንያት የሰጠሙ ጀልባዎች ብዙ ናቸው።

ከስቶክ ብሩርን ጥቂት እንደ ሄድን የብሊስዎርዝ ዋሻ ተቀበለን። ርዝመቱ 2,813 ሜትር ነው፤ በ1805 ተከፈተ። በውስጡ የፈረስ መንገድ ስለሌለ ፈረሱ በኮረብታው ላይ ይወሰድ ነበር፤ ሰዎች ግን በጀልባው ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ የዋሻውን ግድግዳ በእግራቸው እየገፉ ጀልባውን ያሳልፉት ነበር። በ1861 ደግሞ በእንፋሎት የሚሄድ ጀልባ ጢስ በዚሁ ዋሻ ውስጥ ሰዎችን አፍኖ ስለ ገደለ የአየር መተንፈሻ ጉድጓዶች ተጨመሩለት። ዛሬ በእነዚያ ጉድጓዶች ሥር ሲያልፉ ከላይ የብርሃን ጭላንጭልና ቀዝቃዛ ነጠብጣብ አብረው ይወርዳሉ። ሌላ ጀልባ ከፊታችን መጣ፤ መብራቱ እንደ ኮከብ ታይቶ እየቀረበ ሲመጣ ግማሽ ሰዓት የሄድን መሰለን። ሲያልፈን በሁለቱ መካከል የቀረው ክፍተት አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

ከዚያ ወዲያ እስከ በክቢ ድረስ ሜዳ ነው። በአንድ ስፍራ የጥንቱ የሮማውያን መንገድ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ አዲሱ የመኪና አውራ ጎዳናና ቦዩ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። መኪናዎቹ በዐሥር ደቂቃ የጨረሱትን መንገድ እኛ ከሁለት ሰዓት በላይ ሄድንበት፤ የቦዩ ወሰን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ነው። በታሰሩ ጀልባዎች አጠገብ ሲያልፉ ደግሞ ከዚያም ያዘግማሉ፤ ማዕበሉ የሰውን ማሰሪያ ይነቅላልና፤ በውስጡ ያለውንም ሰው ሾርባ ያስደፋል።

ቦዩ ኮረብታ ሲገጥመው በደረጃ ይወጣል። እንግሊዞች «ሎክ» የሚሉትን እኛ የውኃ ደረጃ እንበለው። በድንጋይ የታነጸ ጉድጓድ ሲሆን በሁለቱም ጫፍ ከባድ የእንጨት በሮች አሉት። ጀልባው ይገባል፤ በሮቹ ይዘጋሉ፤ በእጅ ማዞሪያ ብረት የውኃ መግቢያው ሳንቃ ሲነሣ ጉድጓዱ ይሞላና ጀልባው ሽቅብ ይነሣል። ለመውረድም በተገላቢጦሽ ነው። በጠባቦቹ ደረጃዎች አንድ ጀልባ ባለፈ ቍጥር 100 ሺህ ሊትር ያህል ውኃ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ የሄድንበት ቦይ ደረጃዎች ግን እጥፍ ሰፊዎች ስለ ሆኑ ሁለት ጀልባዎች አብረው ቢገቡ ውኃው ይቈጠባል፤ ስለዚህ የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳ ይጠባበቃሉ።

በክቢ ላይ 7 ደረጃ ወጣን፤ ከብራውንስተን ዋሻ በኋላም 6 ደረጃ ወረድን። መሪውን የያዙት ወይዘሮዋ ነበሩ፤ ሽማግሌው ትከሻቸውን ስለሚያማቸው በሩን የሚገፋውን ግንድ እኛ አብረን ገፋን። መውረድ ከመውጣት ይልቅ አደገኛ ነው። ከላይኛው በር ሥር፣ ውኃው ሲሞላ የማይታይ፣ ሲጎድል ግን የሚገለጥ የድንጋይ ደፍ አለ። የጀልባው ኋላ በዚያ ደፍ ላይ ከተቀመጠ፣ ውኃው ሲወርድ ፊቱ ወደ ታች ይዘቀዘቃል፤ ኋላው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በጥቂት ደቂቃም ይሰጥማል። የደፉን መጨረሻ የሚያመለክት ነጭ መሥመር በግድግዳው ላይ ተቀብቷል። ወይዘሮዋ ውኃው መውረድ ከጀመረ እስኪያልቅ ድረስ ዐይናቸውን ከዚያ መሥመር አይነቅሉም፤ ሰው ቢያናግራቸውም አይመልሱም።

በመጨረሻው ደረጃ ስንወርድ የብራውንስተን ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ግንብ ከኮረብታው ላይ ታየን። በቅዱሳን ሁሉ ስም የተሠራ ሲሆን ሰዎች የቦዮች ካቴድራል ይሉታል። ቋሚ ደብር ያልነበራቸው ጀልበኞች ለክርስትና፣ ለተክሊልና ለቀብር ወደዚህ ይመጡ ነበር፤ ብዙዎቹም በግቢው ዐርፈዋል። ዕድሜውን ሁሉ ሲንቀሳቀስ የኖረ ሕዝብ አንድ የታወቀ የመቃብር ስፍራ መምረጡን ስናስብ ጥቂት ጊዜ ቆመን ቀረን።

በማግሥቱ ጀልባው በድንጋይ ወደ ተሠራው ጉድጓድ ገባ፤ በሩ ተዘግቶ ውኃው ሲፈስስ በእንጨት ላይ ተቀመጠ። ከሆዱ ላይ ዝቃጩና አረሙ በብርቱ የውኃ ግፊት ታጠበ። ባለሙያውም ትንሽ መዶሻና አንድ መሣሪያ ይዞ መጣ፤ መሣሪያው ድምፅ ወደ ብረቱ ልኮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በመቍጠር ውፍረቱን ይናገራል። አዲስ ሳለ ወለሉ 10፣ ጎኑ 6፣ ጣራውም 4 ሚሊ ሜትር ነበር። ብዙ የመድን ድርጅቶች ከ4 በታች የሆነውን የጀልባ ሆድ አይቀበሉም። ሽማግሌው ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከባለሙያው በኋላ እየተከተሉ ቍጥሩን ጻፉ፤ ወለሉ ከ9 በላይ፤ ቀኝ ጎኑ 5.4፤ 5.5፤ 5.3። ወይዘሮዋ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሆነው ያዳምጡ ነበር። ከኋላ በግራ በኩል፣ ውኃና አየር በሚገናኙበት መሥመር ላይ፣ ባለሙያው መሣሪያውን ሦስት ጊዜ አንሥቶ ደገመው፤ 3.7 አለ።

ምክንያቱም ታወቀ። ብረት በውኃ ውስጥ እንዳይበላ፣ ከእርሱ ይልቅ ቶሎ የሚበላ ማግኒዝየም በሆዱ ላይ ይበየድለታል፤ ዝገቱም በብረቱ ፋንታ እርሱን ይበላዋል። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት ወይዘሮዋ ታመው በነበረ ጊዜ፣ የብርዱን ወራት በኪራይ ማሰሪያ ከየብስ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ተያይዘው አሳለፉ። በዚህ ሽቦ አማካይነት ጎን ለጎን ያሉ ጀልባዎች እንደ አንድ ባትሪ ስለሚሆኑ፣ የሚያግድ መሣሪያ ካልተገጠመ የአንዱ ማግኒዝየም የጎረቤቱንም ብረት ሲጠብቅ ያልቃል። የእነርሱም አልቆ ኖሮ ብረቱ ራሱ መበላት ጀምሯል።

የሳሳው ሁለት እጅ የማይሞላ ስፍራ ብቻ ስለ ሆነ በላዩ ሌላ ብረት እንዲበየድ ተወሰነ። ወለሉ ቢሆን ኖሮ ወጪው ከአቅማቸው በላይ እንደ ነበረ ሽማግሌው የነገሩን ያን ጊዜ ነው። ብየዳው በሞተሩ ክፍል አጠገብ ስለ ነበር፣ የተንጠባጠበው ዘይት እሳት እንዳይዝ ሁለቱም እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ተንበርክከው ከሞተሩ ሥር በጨርቅ ጠረጉ። ከብየዳው በኋላ ሬንጁን ለመቀባት ሦስት ቀን ፈጀ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሁለተኛው አይቀባምና። ኖኅ መርከቡን በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቅ መታዘዙን ወይዘሮዋ እየሳቁ አነሡ፤ «የእኛ በውጭ ብቻ ነው፤ በውስጥ ላለው ደግሞ መጥረጊያ አለ» አሉ። አዲሱን ማግኒዝየም ሬንጅ ከነካው ሥራውን ስለማይሠራ አራቱንም በወረቀት ሸፍነው በገመድ አሰሩት።

ውኃው ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ሽማግሌው ወረቀቱን ሁሉ ማንሣታቸውን ደግመው አይተው ነበር። ጀልባው ከእንጨቱ ላይ ሲነሣ የወለሉን ሳንቃ ገልጠው በባትሪ መብራት ወደ ተበየደው ስፍራ ተመለከቱ፤ በእጃቸውም ዳሰሱት። ቀጥሎ ወደ ኋላ ሄደው የፕሮፔለሩ ዘንግ በሚወጣበት ላይ ያለውን የግራሶ ማጥበቂያ አንድ ዙር አዞሩ፤ ከዚያ የሚንጠባጠበው ውኃ እንዲቆም በየማታው የሚያደርጉት ነው። ወይዘሮዋ ምድጃውን አንድደው የጢስ ማውጫውን ይመለከቱ ነበር።